ቅይጥ ብረታ ብረት፤ ባሕርዩና ጥቅሙ

የታሪክ ሊቃውንት የጥንቱን ዘመን የድንጋይ ዘመን፣ የነሐስ ዘመን፣ የብረት ዘመን እያሉ ከፋፍለውታል። ይህንንም ያደረጉት የሰው ልጅ የኑሮ ደረጃ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ መሣሪያው የተሠራበት ቁስ በመሆኑ ነው። ከሦስቱ ስሞች መካከል ግን አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ድንጋይ እንዳለ ከምድር ይገኛል፤ ብረትም ከማዕድኑ ቀልጦ ይወጣል። ነሐስ ግን ራሱን ችሎ የሚቆፈርበት ጉድጓድ የለውም። ነሐስ የሰው ልጅ መዳብንና ቆርቆሮን በልክ መጥኖ፣ በእሳት አቅልጦና ቀላቅሎ የሠራው ነው። እንዲህ ሁለት ወይም ከሁለት የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች፣ ቢያንስ አንደኛው ብረት አስተኔ ሆኖ፣ ቀልጠው በመዋሐድ የሚሰጡት ቁስ ቅይጥ ይባላል።

“ቅይጥ” የሚለው ቃል በዕለታዊ አነጋገራችን መልካም ስም የለውም። ወተቱ ውኃ ተቀየጠበት፣ ቅቤው ባዕድ ነገር ተቀየጠበት ሲባል ማጭበርበርን ያመለክታል። “ንጹሕ” የሚለው ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ምስጋናን ያዘለ ነው። በብረታ ብረት ሥራ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከዚህ ምንባብ የምትረዱት ዋና ቁም ነገር፣ የአንድ ቁስ ዋጋ የሚመዘነው ለታሰበለት ሥራ በመስማማቱ መሆኑን፣ ለሥራው የሚስማማውን ልክ ማወቅም ታላቅ ዕውቀት መሆኑን ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የገበያዋ እምብርት የነበረው አራዳ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመንም ፒያሳ የሚል ስም የወጣለት ክፍሉ፣ ለዚህ ትምህርት እንደ መጽሐፍ ሊነበብ ይችላል። በአደባባዩ ሐውልት፣ በወርቅ አንጥረኛው ሥራ፣ በባቡሩ ሐዲድና በሕንፃው ምሰሶ ውስጥ የቅይጥ ታሪክ ተጽፎ ይገኛል።

፩. ስምና ነገር

በመጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ። ቃልን በልኩ የማይጠቀም ጸሐፊ አንባቢውን ያደናግራል። ስለ ብረታ ብረት የሚጽፍ ሰው ደግሞ በዚህ ስሕተት በቀላሉ ሊወድቅ ይችላል፤ በቋንቋችን አንድ ስም ለብዙ ነገር ይውላልና።

“ብረት” የሚለው ስም በጠባቡ ትርጉሙ አንድን የታወቀ ንጥረ ነገር ያመለክታል። በሰፊው ትርጉሙ ግን ከእሳት ወጥቶ የሚቀጠቀጠውን ጠንካራ ነገር ሁሉ ይጠቀልላል። የሳይንስ መጻሕፍት ጠቅላላውን ወገን “ብረት አስተኔ” ብለው የሰየሙት ይህን ለመለየት ነው። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ዚንክና አሉሚኒየም ብረት አስተኔዎች ናቸው፤ ብረት ግን አይደሉም። “ብር” ደግሞ የነጩ ማዕድን ስም ሆኖ ሳለ የገንዘባችንም መጠሪያ ነው።

“ቆርቆሮ”ን ተመልከቱ። በአንድ በኩል በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚቀልጥ፣ ነጭና ለስላሳ ንጥረ ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን ዝናብ ሲወርድበት የሚንጫጫውን የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንለዋለን። ይሁን እንጂ ክዳኑ ከዚያ ለስላሳ ንጥረ ነገር የተሠራ አይደለም። ስስ የብረት ላሜራ ነው፤ ዝገት እንዳይበላውም በዚንክ ተለብጧል። “ነሐስ” የግዕዝ ቃል ሲሆን “ናስ” የዚሁ ቃል አጭር አነጋገር ነው፤ በተለምዶም ሁለቱ እየተለዋወጡ ይነገራሉ። በዚህ ምንባብ ግን የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነሐስ፣ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ናስ ይባላል። ቀጥሎም “ቆርቆሮ” ስንል ንጥረ ነገሩን ማለታችን ነው።

፪. የአደባባዩ ነሐስ

በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው አደባባይ፣ የዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት ወር 1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪዎች ከቦታው አንሥተው ቀበሩት፤ ከድል በኋላ ግን ወጥቶ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፈረሱም የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ ቆሟል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ሐውልት ከንጹሕ መዳብ ቢሠራ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ንጹሕ መዳብ ለስላሳ ነው፤ በቀላሉ ይታጠፋል። ከዚህም በላይ ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ ቀልጦ ሲፈስም ቅርጹን በጥራት ለመሙላት አስቸጋሪ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ከመዳብ ይልቅ ለስላሳ ነው። ነገር ግን ዘጠኝ እጅ ያህል መዳብ ከአንድ እጅ ቆርቆሮ ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ነሐስ ከሁለቱም ይጠነክራል፤ 1,000 ዲግሪ ገደማ በሚሆን ሙቀት ይቀልጣል፤ ቀልጦም ወደ ቅርጹ ጠባብ ቦታዎች ሁሉ በደንብ ይገባል። የፈረስ ጋማ፣ የልብስ ዕጥፋትና የፊት ገጽታ ተለይተው እንዲታዩ የሚያስችለው ይህ ባሕርዩ ነው።

ሁለት ለስላሳ ነገሮች ተቀላቅለው ጠንካራ ነገር መስጠታቸው ያስደንቃል። ምክንያቱን ለመረዳት የልጆችን ብይ አስቡ። በአንድ ሳጥን ውስጥ እኩል መጠን ያላቸውን ብዮች በረድፍ በረድፍ ብትደረድሩና የላይኛውን ረድፍ ብትገፉት፣ በታችኛው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። በንጹሕ ብረት አስተኔ ውስጥ ያሉት አቶሞችም እንዲሁ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ ሲገፉ ረድፍ በረድፍ ላይ ስለሚንሸራተት ቁሱ ይታጠፋል። በብዮቹ መካከል ጥቂት ትላልቅ ብዮች ብትጨምሩ ግን ረድፉ ይዛነፋል፤ እንደ ቀድሞው መንሸራተትም አይችልም። የቆርቆሮ አቶም ከመዳብ አቶም ስለሚበልጥ በነሐስ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። የአብዛኛው ቅይጥ ጥንካሬ ምሥጢርም በዚህ ይገኛል።

ነሐስ ሌላም መልካም ባሕርይ አለው። ዝናብና አየር ሲያገኘው ገጽታው ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ስስ ሽፋን የውስጡን ክፍል ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን እየተላጠ ስለሚረግፍ የውስጡን ክፍል ለአዲስ ዝገት ያጋልጣል።

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ በቴዎድሮስ አደባባይ የሚታየውም ይህንኑ ያስታውሳል። በዚያ የቆመው የ“ሴባስቶፖል” መድፍ አምሳያ ነው። እውነተኛው መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በ1859 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ባዘዙት መሠረት ተሠራ፤ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል፤ የተሠራበትም ቁስ ነሐስ ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው። የጋፋት ምድጃ ያን ያህል ብረት አቅልጦ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ እጅግ በተቸገረ ነበር። ነሐስ ግን በአነስተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥ ሥራው ሊከናወን ቻለ።

፫. ሰምና ወርቅ

ፒያሳ ለረጅም ዘመን የታወቀችው በወርቅ ቤቶቿ ነው። የሙሽራ ቀለበት፣ የአንገት ሐብልና መስቀል ለማሠራት የሚሻ ሰው ከሩቅ አገር ሳይቀር ወደዚያ ይመጣ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙዎቹ የአካባቢው አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የወርቅ ሥራው ዝና ግን ከፒያሳ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ንጹሕ ወርቅ እጅግ ለስላሳ ነው። አንድ ግራም ወርቅ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚረዝም ቀጭን ሽቦ ሊሳብ ይችላል። ይህ ልስላሴ ለአንጥረኛው ሲመች ለባለቤቱ ግን አይመችም፤ በየቀኑ የሚደረግ የንጹሕ ወርቅ ቀለበት ይጣመማል፣ ይጫጫራል፣ ቀስ በቀስም ያልቃል። ስለዚህ አንጥረኛው ለወርቁ ብርና መዳብ ይጨምርለታል። መዳቡ ሲበዛ ወርቁ ወደ ቀይነት ያደላል፤ ብሩ ሲበዛ ይነጣል።

የወርቅ ንጽሕና የሚለካው በካራት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል። 21 ካራት ሲባል ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ፣ ሦስቱ ሌላ ብረት አስተኔ ነው ማለት ነው፤ ይህም ከሺህ 875 እጅ ነው። 18 ካራት ደግሞ ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው፤ ከሺህ 750 እጅ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ቀለበቶች እያንዳንዳቸው 8 ግራም ቢመዝኑ፣ ባለ 21 ካራቱ 7 ግራም ወርቅ ሲኖረው ባለ 18 ካራቱ 6 ግራም ብቻ ይኖረዋል። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱም “ወርቅ” ይባላሉ፤ በሚዛንም እኩል ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አንድ ግራም ሙሉ ወርቅ ነው።

በዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ባለ 18 ካራቱን ቀለበት በ18 ካራትነቱ የሸጠ ነጋዴ ማንንም አላታለለም፤ እንዲያውም ለዕለታዊ አገልግሎት የሚጠነክረውን ሰጥቷል። በ21 ካራት ስም የሸጠው ግን ሰርቋል። ስለዚህ ማጭበርበር የሚባለው መቀየጡ ሳይሆን ልኩን መደበቁ ነው። ሠራተኛው ጌጡን በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈትጎ፣ በተተወው መስመር ላይ አሲድ ጠብ አድርጎ የሚመረምረውም ስምና ነገር መስማማታቸውን ለማረጋገጥ ነው። የሚያብለጨልጭ ሁሉ ወርቅ አይደለም የሚባለው አነጋገር በአንጥረኛው ዘንድ የሥራ መመሪያ ነው።

አንጥረኛው ለቋንቋችን ያበረከተው ሌላ ታላቅ ስጦታም አለ። ጌጥ ለማፍሰስ ሲፈልግ በመጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠውና በስተአንድ በኩል ቀዳዳ ይተውለታል። ጭቃው ደርቆ በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ የቀረውን ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይሞላዋል። ወርቁ ከረጋ በኋላ ጭቃው ይሰበራል፤ ሰሙ የነበረውን መልክ ሁሉ ወርቁ ወርሶ ይገኛል። የቅኔ መምህራን ላይ ላዩን የሚሰማውን ትርጉም ሰም፣ ከሥሩ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ ያሉት ከዚህ ሥራ ተነሥተው ነው። ይኸው ዘዴ በዓለም ላይ ብዙ የነሐስ ሐውልቶችን ለማፍሰስ ሲያገለግል ኖሯል፤ በዘመናዊ ፋብሪካዎችም ጥራት የሚሹ የማሽን ክፍሎች ይሠሩበታል።

፬. ጠገራ ብርና ሳንቲም

በጥንቱ የአራዳ ገበያ ሲገበያዩበት የነበረው ገንዘብ ራሱ ቅይጥ ነበር። “ጠገራ ብር” የሚባለው የማሪያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን የቀረው በአመዛኙ መዳብ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጠገራ ብር ውስጥ 23 ግራም ከግማሽ የማይሞላ ንጹሕ ብር ይገኛል። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸውና በመልካቸው በፓሪስ ያሠሩት ብርም ከሺህ 835 እጅ ብር ያለበት፣ በክብደቱም ከጠገራ ብሩ ጋር የሚመሳሰል ነበር። መዳቡ የተጨመረው ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቶሎ እንዳያልቅ ነው። በየአገሩ የነበሩት አንጥረኞችም መስቀልና አምባር ለመሥራት ጠገራ ብርን ያቀልጡ ስለነበር፣ ብዙ የቆዩ የብር ጌጦች የተሠሩት ከዚህ ቅይጥ ነው።

በ1969 ዓ.ም. በተሠሩት ሳንቲሞችም ላይ ይኸው አስተሳሰብ ይታያል። አንድ ሳንቲም ከቀላሉ አሉሚኒየም፣ አምስትና አሥር ሳንቲም የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ከሆነው ከናስ፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ ተሠሩ። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ አይዝግም፤ በመዳብ ቢሞላም ቀለሙ ብር ይመስላል። ናስ ደግሞ ቢጫና በቀላሉ የሚቀረጽ በመሆኑ ለቁልፍ፣ ለውኃ ቧንቧ መክፈቻና ለማርሽ ባንድ የሙዚቃ መሣሪያዎች ይውላል።

፭. ብረት፣ ጊዛና አረብ ብረት

ከቅይጦች ሁሉ ዓለምን የለወጠው የብረትና የካርቦን ቅይጥ ነው። ካርቦን በከሰል ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር ነው። ቀጥቃጩ ብረትን በከሰል እሳት ውስጥ ከትቶ በወናፍ ሲያግለው፣ ሳይታየው ሁለቱን ያገናኛል። የሚያስደንቀው መጠኑ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ካርቦን የብረትን ባሕርይ ፈጽሞ ይለውጠዋል።

ካርቦኑ ከመቶ ሩብ እጅ በታች ሲሆን ብረቱ ሳይሰበር ይታጠፋል፣ ለብየዳም ይመቻል፤ ላሜራ፣ ሚስማርና የበር ብረት ከዚህ ይሠራሉ። ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ጠንካራና ተመልሶ የሚቃና ይሆናል፤ የመኪና ባሊስትራ የዚህ ምሳሌ ነው። አንድ እጅና ከዚያ በላይ ሲደርስ ሞረድና ሌላውን ብረት የሚቆርጥ ስለት ይወጣዋል። እስከ ሁለት እጅ ገደማ ያለው አረብ ብረት ይባላል። ከሁለት እስከ አራት እጅ ሲሆን ግን መካኒኮች “ጊዛ” የሚሉት ይሆናል። ጊዛ በቀላሉ ይቀልጣል፣ በቅርጽም ጥሩ ሆኖ ይፈስሳል፤ ለሞተር አካልና ለመንገድ ጉድጓድ ክዳን ይስማማል። ነገር ግን በመዶሻ ቢመታ አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ስለዚህ የበዛ ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ልክ አለው።

ከልኩ ሌላ የእሳቱ አያያዝም ባሕርይን ይወስናል። ከፍ ያለ ካርቦን ያለበት አረብ ብረት ቀይ እስኪሆን ግሎ በድንገት ውኃ ውስጥ ሲነከር እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። እንደ ገና በመጠኑ ሲሞቅ ጥንካሬው ጥቂት ቀንሶ ጽናት ያገኛል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ጊዜን መጠበቅ የቀጥቃጩ ሙያ ዋና ክፍል መሆኑን ያስረዳል። በአገራችን በየስፍራው ያሉ ቀጥቃጮች ያረጀ ባሊስትራ ፈልገው ማረሻ፣ መጥረቢያና ቢላዋ የሚሠሩበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በፋብሪካ የተመጠነው ካርቦን በውስጡ ስላለ ለስለት የሚሆን ቁስ ከዚያ ይገኛል። ይህን የላቦራቶሪ መሣሪያ ሳይኖራቸው፣ በመዶሻው ድምፅ፣ በእሳቱ ቀለምና በብረቱ አወጣጥ ለይተው ያውቃሉ።

እንዲህ ያለ ዕውቀት የያዘ ሰው ግን በኅብረተሰባችን ውስጥ ለብዙ ዘመን ክብር አላገኘም። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ “ጠይብ”፣ “ቡዳ” እየተባሉ ይሰደቡ፣ በጋብቻም ይገለሉ ነበር። በማረሻው የሚያርሰው፣ በማጭዱ የሚያጭደው፣ በጦሩ የሚዋጋው ሁሉ ሠሪውን ይንቅ ነበር ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይጠፋም። አዋጁን ያወጡት ንጉሠ ነገሥት ሐውልት በአራዳ አደባባይ የቆመው በአቅላጮችና በቀራጮች እጅ መሆኑን ስታስቡ፣ ስድቡ ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ነበር ትረዳላችሁ።

ብረት አንድ ታላቅ ጠላት አለው፤ እርሱም ዝገት ነው። ከመቶ አሥር እጅ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ክሮሚየም ሲጨመርበት ግን በገጹ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ሽፋኑ ቢጫጫር እንኳ አየር ሲያገኝ ራሱን ይጠግናል። ይህ የማይዝግ ብረት ነው። የሐኪም መቀስ፣ የወጥ ቤት ማጠቢያና የምግብ ፋብሪካ ዕቃዎች ከዚህ ይሠራሉ። በጣም የታወቀው ዓይነት ከመቶ 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለበት ነው።

፮. ሐዲዱና ሽቦው

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንደኛው መስመር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋ ነው። በዚህ መስመር ላይ ሁለት ቁሶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ከሥር ሐዲዱ፣ ከላይ ሽቦው።

ሐዲድ የብዙ ቶን ክብደት ሲመላለስበት እንዳይበላ መጠንከር አለበት፤ ድንገት እንዳይሰበርም ጽናት ያሻዋል። ስለዚህ በተለምዶ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት ዐሥረኛ እጅ ካርቦንና አንድ እጅ ገደማ ማንጋኒዝ ካለበት አረብ ብረት ይሠራል። ከላይ የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ደግሞ ሥራው የኤሌክትሪክ ኃይልን ማስተላለፍ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቀድሞ በብይ ምሳሌ ያየነው የረድፍ መዛነፍ ኤሌክትሪክንም ያደናቅፋል፤ በመዳብ ውስጥ ጥቂት ባዕድ ነገር ቢገባ ኃይል የማስተላለፍ ችሎታው ይቀንሳል። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ ሽቦ የሚመረጠው በተቻለ መጠን ንጹሕ የሆነ መዳብ ነው፤ ለጥንካሬ ሲባል ሌላ ነገር ቢጨመርበትም እጅግ በጥቂቱ ነው። ንጽሕና በስፍራው ሲገኝ እንዲህ ዋጋ አለው።

የዚህን ተቃራኒ በቤታችሁ ታገኛላችሁ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ የሚገኘው የተጠማዘዘ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ይግላል፤ በሙቀቱም አይቃጠልም። በምጣዱ ውስጥ ንጹሕ መዳብ ቢገባ እንጀራ አይጋገርም፤ በመንገዱ ላይ የምጣዱ ሽቦ ቢዘረጋ ባቡር አይሄድም። አንዱ ከሌላው የበለጠ ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቁስ ስለሚሻ ነው።

፯. አርማታ

የምህንድስና ቁሶች ሁሉ ቀልጠው የሚዋሐዱ አይደሉም። አንዳንዶቹ እያንዳንዳቸው ባሕርያቸውን እንደ ያዙ ይተባበራሉ። በአራዳ የምታዩዋቸው ዘመናዊ ሕንፃዎች አጥንት የሆነው አርማታ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሚያህል ሰፊ ሥራ በድንጋይና በእንጨት ብቻ ሊታሰብ አይችልም።

ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውኃ ተቦክተው የሚሰጡት ኮንክሪት ሲጫኑት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሲጎትቱት ግን የሚችለው ከመጫኑ ኃይል አንድ ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። አንድ አግዳሚ ሲጫን የላይኛው ክፍሉ ይጨመቃል፤ የታችኛው ይሳባል። ስለዚህ ግንበኛው በሚሳበው ክፍል ፌሮ ያስገባል፤ ፌሮው መጎተቱን፣ ኮንክሪቱ መጨመቁን ይሸከማሉ። ሁለቱም በሙቀት ጊዜ የሚረዝሙት በሚቀራረብ መጠን ስለሆነ አይላቀቁም። ኮንክሪቱም ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል።

ስምምነቱ ግን ልኩ ሲጠበቅ ነው። ፌሮው ከተገቢው ይልቅ ቢቀጥን፣ ኮንክሪቱ ውኃ ቢበዛበት ወይም ፌሮውን የሚሸፍነው ስስ ቢሆን እርጥበት ይገባል፤ ፌሮውም ይዝጋል። ዝገት ከቀድሞው ብረት የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በቀለበት ላይ ልክ ሲጓደል የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ በምሰሶ ላይ ልክ ሲጓደል ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው።

፰. ማጠቃለያ

እንግዲህ ከነሐሱ ሐውልት ጀምረን እስከ አርማታው ምሰሶ ያየነው አንድ ነገር ነው። ለስላሳው ከለስላሳው ጋር ሲዋሐድ ይጠነክራል፤ ጥቂት ካርቦን ብረትን ይለውጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ያሰብረዋል፤ መዳብ በሽቦ ላይ ንጽሕናን፣ በሳንቲም ላይ ቅይጥነትን ይሻል። ይህን ሁሉ የሚወስነው የሥራው ጠባይና የሠራተኛው ዕውቀት ነው።

ተማሪዎች፣ ይህን ካነበባችሁ በኋላ በቤታችሁ ወይም በመንገዳችሁ የምታገኙትን አንድ የብረት አስተኔ ዕቃ ምረጡ። ከምን እንደ ተሠራ፣ ያ ቁስ ለምን እንደ ተመረጠ፣ ሌላ ቁስ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ይመጣ እንደ ነበር ግለጹ። ስትጽፉም “ብረት” ማለት የሚገባውን ብረት፣ “ናስ” ማለት የሚገባውን ናስ በሉ። አንጥረኛው ካራቱን እንደሚመጥን፣ ቀጥቃጩም እሳቱን እንደሚለካ፣ ጸሐፊም ቃሉን መመጠን አለበት።